ይጠይቁ፦ አረሙን አርሜ ትርፉን ማን በላው?

ባለፈው እትም መጨረሻ ላይ "ቲማቲም የተከላችሁ፣ ስለ አረምና ስለ ትርፉ የሚያብሰለስላችሁን ላኩልኝ" ብዬ ነበር። እውነት ለመናገር አስር የማይሞላ ጥያቄ ነበር የጠበቅኩት፣ የመጣው ግን ስልኬን እስኪያግል ድረስ ነው። ሁሉንም መመለስ አልችልም፣ የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ አምስቱን መርጫለሁ። አብዛኛው ሰው የጠየቀኝ "የቱ ኬሚካል ይሻላል?" ነው፣ እኔ ደግሞ ዛሬ ከኬሚካል ይልቅ ስለ ቀን ነው ብዙ የማወራው፣ ታገሱኝ።

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። መቂ ነኝ፣ ግማሽ ሄክታር መሬት በኮንትራት ይዤ ሃይብሪድ ቲማቲም ተክዬ ነበር። ሽንኩርትም ስለነበረኝ እጄ ቶሎ አልተፈታም፣ የመጀመሪያውን አረም የገባሁት በ38 ቀኑ ነው፣ 46 ሰው ፈጀብኝ። ከዛ በ60 ቀኑ 30 ሰው፣ በ80 ቀኑ 24 ሰው፣ ለቀማ ከተጀመረ በኋላ ደግሞ 15 ሰው። ለአንድ ሰው በቀን ባማካይ 250 ብር ከፍያለሁ። ባጠቃላይ 118,000 ብር አውጥቼ 90 ኩንታል አገኘሁ፣ ባማካይ በኪሎ 14 ብር ሸጥኩት። አራት ወር ከምናምን ለፍቼ የቀረኝ 8,000 ብር! ጎረቤቴ ያው ዘር ያው ውሃ 130 ኩንታል ለቀመ፣ ለአረም ያወጣው ግን 17,000 ብቻ ነው። አረም ላይ አትሰስት ይላሉ፣ እኔ ከሱ በላይ ነው ያወጣሁት። ታዲያ ምኑን ነው ያጠፋሁት? ለሚቀጥለው በመድሃኒት ልጨርሰው እንዴ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሰው ቆጥረህ፣ ቀን ቆጥረህ ስለላክልኝ እግዜር ይስጥልኝ። አብዛኞቻችን (እኔም በጊዜዬ) "ከሰርኩ" ወይ "አገኘሁ" እንላለን እንጂ በየቱ ቀን ስንት ሰው እንዳስገባን አንጽፍም። እስቲ ደብተርህን አብረን እንየው።

ለአረም ያስገባኸው ሰው ሲደመር 115 ነው፣ በ250 ሲባዛ 28,750 ብር። ከጎረቤትህ ጋር ያለህ ልዩነት 11,750 ብር ነው ማለት ነው። አንተን ያበሳጨህ ይሄ ነው፣ እኔን ያበሳጨኝ ግን ሌላው ነው፣ 40 ኩንታሉ። 4,000 ኪሎ በ14 ብር 56,000 ብር እኮ ነው! ይሄ ብር ከኪስህ አልወጣም፣ ለማንም ቆጥረህ አልሰጠኸውም፣ ስለዚ ወጪ አይመስልም። ግን አረሙ ካስገባሃቸው አራሚዎች ሁሉ በላይ ደሞዝ በልቶ ነው የሄደው።

እንደው ሌላው ወጪያችሁ እኩል ነው ብንል፣ ከ118,000 ላይ የአረሙን ልዩነት ቀንሰን፣ ጎረቤትህ 40 ኩንታል ጨምሮ ስለለቀመ ለለቀማና ለሳጥን 4,000 ብር ብንደምርበት የሱ ወጪ 110,250 ብር ይመጣል። ለ13,000 ኪሎ ስታካፍለው በኪሎ 8 ብር ከ50 ገደማ ነው። ያንተ 118,000 ለ9,000 ኪሎ ሲካፈል 13 ብር ከ10 ሳንቲም ነው። በደብተርህ ላይ በቀይ ብእር የምታከብበው ቁጥር ይሄ ነው። ዋጋው ወርዶ ሁለታችሁም ሙሉውን ምርት ባማካይ በ9 ብር ሸጣችሁ እንበል፣ ደላላው "አዲስ አበባ ሞልቷል" የሚልበት ወቅት አለ አይደል፣ ጎረቤትህ ፊቱን እያጨማደደም ቢሆን 6,750 ብር ይዞ ይገባል፣ አንተ 37,000 ብር ትከስራለህ። ዋጋውን አንተም እሱም አትወስኑትም፣ በኪሎ ስንት ብር እንዳወጣህ ግን ግማሽ በግማሽ በእጅህ ነው።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፣ 40 ኩንታሉ ሙሉ በሙሉ የአረም ጥፋት ነው አልልም። ድጋፍ እንጨት አቁሞ ይሆናል፣ ውሃውን በሰአቱ አጠጥቶ ይሆናል፣ ችግኙ ጠንካራ ሆኖም ይሆናል። ቢሆንም 38 ቀን ያልታረመ ቲማቲም ብዙ እንደሚያጣ ሳላየው እነግርሃለሁ።

ለምን ብትል፣ ቲማቲም ከችግኝ መደብ ተነቅሎ ማሳ ላይ ሲተከል መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ገደማ ስሩን ሲተክል ነው የሚቆየው፣ ወደላይ ብዙም አይሄድም። አረሙ ግን ችግኝ ማዛወር ምናምን አያውቅም፣ እዛው በቅሎ እዛው ነው የሚያድገው፣ በፈሮው (በመስመሮቹ መሃል ባለው ቦይ) የለቀቅከውን ውሃ የሚጠጣው እሱ ነው፣ ዩሪያም ከበተንክ መጀመሪያ የሚደርሰው ለሱ ነው። ከተተከለበት ቀን ጀምሮ እስከ አምስተኛ ስድስተኛ ሳምንት ያለው ጊዜ ነው ወሳኙ። እስከዛ ንጹህ አድርገህ ካቆየኸው ቲማቲሙ ራሱ ቅጠሉን ዘርግቶ መሬቱን ይሸፍንና ከስሩ የሚበቅለውን አረም በጥላ ይገድልልሃል። አንተ የገባኸው በ38 ቀኑ ነው፣ በዛ ሰአት ጎረቤትህ ሁለት ጊዜ ኮትኩቶ ጨርሷል ብዬ እገምታለሁ።

የሰው ብዛት ላይም ያው ነው። ሁለት ሶስት ቅጠል ያወጣ አረም በዶማ ጫፍ እየተፋቀ እዛው ፀሃይ ላይ ይደርቃል፣ አንድ ሰው ብዙ መስመር ይሄዳል። ጉልበት የደረሰ አረም ግን በእጅ ይነቀላል፣ አፈሩ ይራገፋል፣ ተሸክመህ ከማሳ ታወጣዋለህ፣ እሱ ሲነቀልም የቲማቲሙን ስር አብሮ ይነቀንቀዋል። 80ኛው ቀን ላይ 24 ሰው ስታስገባ ደግሞ አበባና ፍሬ የያዘ ቅርንጫፍ በስንት እግር እንደተረገጠ አስበው። ጠዋት ጤዛ ሳይደርቅ ከሆነ የገቡት ከታመመው ተክል ወደ ጤነኛው በእጃቸው በሽታ አድለው ነው የሚወጡት። ለሶስተኛውና ለአራተኛው አረም ከከፈልከው ብር ብዙው ጥቅም የሰጠህ አይመስለኝም፣ በዛ ሰአት ዘር ሊጥል የደረሰውን ትላልቁን ብቻ እየመረጥክ ብታወጣ ይበቃህ ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

ለሚቀጥለው እንዲህ አድርግ። ፈሮውን አውጥተህ ችግኝ ከመትከልህ በፊት 10 ወይ 14 ቀን ቀደም ብለህ ባዶ መሬቱን አጠጣው። ሰው ይስቅብሃል፣ ይሳቅ። አረሙ "ተተከለልኝ" ብሎ ግር ብሎ ይወጣል፣ ያኔ ከላይ ከላዩ ብቻ ፋቀው፣ ጠልቀህ አትቆፍር፣ ጠልቀህ ከቆፈርክ ከስር የተኛውን ዘር ታወጣዋለህ። ከዛ ትከል። በ15 እና በ18 ቀን መሃል አንዴ ቀለል አድርገህ ኮትኩት፣ በ30 እና በ35 ቀን መሃል ሁለተኛውን ግባና አፈር አስታቅፈው። ዩሪያውን ከአረም በኋላ ነው የምትሰጠው፣ በፊት ከሰጠህ ከብት ሳታስር ድርቆሽ እንደመበተን ነው። ሽንኩርትህ እጅህን የሚይዝህ ከሆነ ደግሞ የሁለቱን ተከላ ቢያንስ ሶስት ሳምንት አራርቀው፣ ወይ የቲማቲሙን መሬት ቀንሰው። ሩብ ሄክታር በሰአቱ የታረመ ከግማሽ ሄክታር የዘገየ ይሻላል፣ ይሄን በራሴ ብር ነው የተማርኩት፣ ሁለት ወቅት ቲማቲም ተክዬ አንዱ ላይ ልክ እንዳንተ ሌላ ስራ ይዞኝ በአርባ ቀኑ ገብቼ ነበር፣ የዛን አመት ሂሳብ እስካሁን ለባለቤቴ በትክክል አልነገርኳትም።

አራሚ በቁርጥ ማሰራት ነው ወይስ በቀን የሚሻለው ብለው የጠየቁም አሉ። ለመጀመሪያው ኩትኳቶ በቀን አሰሩ፣ በቁርጥ የያዘ ሰው ለመጨረስ ስለሚሮጥ ችግኝና አረም አይለይም።

መድሃኒቱን በተመለከተ፣ ቲማቲም ላይ የሚሰራ አለ፣ ሜትሪቡዚን የሚባለው በደንብ ይታወቃል (ሴንኮር በሚለው ስሙ ታውቀው ይሆናል)። ቅጠለ ሰፋፊውን አረም ገና በጨቅላነቱ ነው የሚይዘው፣ ካደገ በኋላ ብትረጨው ብርህን ነው የረጨኸው። ለተከታታይ ቀናት ደመናና ብርድ ከነበረ አትርጭ፣ ቲማቲሙን ራሱን ያቃጥላል፣ አሸዋማ መሬት ላይም መጠኑን ካልቀነስክ ይጎዳል። እንግጫና ሰርዶን አይነካም። አውጥም ያመልጠዋል፣ ምክንያቱም አውጥ የቲማቲም የስጋ ዘመድ ነው፣ ቲማቲምን የማይገድል መድሃኒት ብዙ ጊዜ እሱንም አይገድልም። ስለዚ መድሃኒቱ የመጀመሪያውን ኩትኳቶ ሊያቀልልህ ይችላል፣ ሰው ከማስገባት ግን አያድንህም። መጠኑን ከእቃው ላይ አንብበህ የቀበሌህን የግብርና ባለሙያ አማክረህ አድርግ፣ "በክዳን ሁለት" እያሉ ከሚያዙ ሻጮች ራቅ።

ጥያቄ፦ ሞጆ አካባቢ ነው። የቲማቲም ማሳችን ላይ የነጭ ዝንብ መድሃኒት ረጨን፣ በአራተኛ በአምስተኛው ቀን ቅጠሉ ሁሉ ተጠማዘዘ፣ ጫፉ እንደ ክር ቀጠነ፣ ግንዱም ወደታች ጎበጠ። አንዱ ቫይረስ ነው ይላል፣ አንዱ መድሃኒቱ ፎርጅድ ነው ይላል። ማንን እንመን? መርጫው የራሳችን አይደለም፣ ከሰው ነው የተዋስነው።

መልስ፦ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ባትጽፊያት ኖሮ እኔም ቫይረስ እል ነበር እህቴ። መርጫውን ያዋሰሽ ሰው ጤፍ ወይ ስንዴ አለው? ካለው ደግሞ ቱ ፎር ዲ ረጭቶበት ይሆናል። እሱ መድሃኒት ለጤፍና ለስንዴ አረም ነው፣ ሳር ነክ ሰብል አይጎዳም፣ ቅጠለ ሰፊ የሆነን ሁሉ ግን ይጠመዝዛል፣ ቲማቲም ደግሞ ለሱ በጣም ስስ ነው። መርጫው በውሃ አንዴ ለቅለቅ ተደርጎ የተቀመጠ ከሆነ ጎማውና አፍንጫው ውስጥ የቀረው ጠብታ ይበቃል። ብዙ ሰው ይሄን አያምንም፣ "ታጥቧል እኮ" ይላል።

መለያው እንዲህ ነው። ቫይረስ ከሆነ አንድ እዚህ አንድ እዛ እያለ ነው የሚጀምረው፣ ቅጠሉ ጠርዙ ቢጫ ይሆንና ወደላይ እንደ ማንኪያ ይታጠፋል፣ ተክሉ ይቀጭጫል፣ ቀን እየጨመረ ይሰፋል። የመድሃኒት ከሆነ በአንድ ሳምንት ውስጥ የተረጨው መስመር በሙሉ አንድ ላይ ነው የሚጠማዘዘው፣ እንዲያውም መርጫው መጀመሪያ የተሞላበት መስመር የባሰ ይሆናል፣ በኋላ በኋላ እየታጠበ ስለሚሄድ እየቀነሰ ይመጣል። ማሳው ውስጥ ገብታችሁ የቱ ጋር እንደጀመራችሁ አስታውሱና እዩት። መርጫው ንጹህ ሆኖ በአንድ ዳር ብቻ ከተጎዳ ደግሞ ከጎረቤት ማሳ በነፋስ የመጣ ነው።

ጉዳቱ ቀላል ከሆነ አዲስ የሚያወጣው ቅጠል ቀስ በቀስ ይስተካከላል፣ አጠጡት፣ ሌላ ኬሚካል አትጨምሩበት፣ ጠብቁት። ጫፉ ደርቆ ግንዱ ከተሰነጠቀ ግን አትልፉበት፣ ወቅቱ ሳያልፍ ነቅላችሁ በቆሎ አድርጉበት። ከመርጫው ባለቤት ጋርም ተነጋገሩ፣ ካሳ እንኳ ባይከፍል ለሌላ ሰው እንዳያውስ። የአረም መድሃኒት መርጫና የተባይ መርጫ ለየብቻ መሆን አለበት፣ አቅም ከሌለ ሶስት አራት ጎረቤት ተዋጥታችሁ አንድ ለአረም ብቻ ግዙና ላዩ ላይ በቀይ ቀለም "አረም" ብላችሁ ጻፉበት።

የነጭ ዝንቡን ነገር ካነሳሽ አይቀር፣ በማሳው ዳርና በቦዩ ላይ አስተናግርና አውጥ ካለ እነሱን አጽዱ። ማሳው ውስጥ ስላልሆኑ ማንም ነገሬ አይላቸውም፣ ግን ቅጠል የሚያጠቀልለው ቫይረስ አስተናግር ላይ ይከርማል፣ በ2012 እንደ ፈረንጆቹ አገራችን የገባው ቱታ አብሶሉታ የሚባለው የቲማቲም ቅጠል ሰርሳሪም ቲማቲም በሌለበት ጊዜ አውጥ ላይ ይቆያል። ለቱታ የምትገዙትን ኬሚካል ብር ስትደምሩ የዳር አረምም ሂሳብ እዛ ውስጥ አለ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ባቱ ነኝ፣ እድሜዬ ገፍቷል፣ ከዝዋይ ሃይቅ ውሃ ስቤ ቲማቲም ሳለማ ብዙ አመቴ ነው። ካለፈው አመት ጀምሮ ከቲማቲሙ ስር ቅጠል የሌለው፣ አበባው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነገር ብቅ ይላል። ስንነቅለው ከቲማቲሙ ስር ጋር ተያይዞ ነው የሚወጣው። እሱ ያለበት ቲማቲም ውሃ እያለው ይጠወልጋል። ምንድን ነው? በአረም መድሃኒትም አልሞተም።

መልስ፦ ጋሼ፣ ያዩት ነገር ኦሮባንኪ የሚባለው ጥገኛ አረም ነው፣ ማሽላ ላይ የሚወጣውን አቀንጭራን ካወቁ እንደሱ ማለት ነው። ቅጠል የለውም፣ አረንጓዴም አይደለም፣ ምክንያቱም የራሱን ምግብ አይሰራም፣ ስሩን ከቲማቲሙ ስር ጋር አጣብቆ ውሃውንም ምግቡንም ይመጠምጠዋል። ለዛ ነው ቲማቲሙ ውሃ እያለ የሚጠወልገው። በስምጥ ሸለቆ ቲማቲም ላይ ይሄ አረም አዲስ አይደለም፣ ለርስዎ ማሳ ነው አዲስ የሆነው።

የሚያስቸግረው ነገር እርስዎ ከመሬት በላይ ሲያዩት እሱ ጥፋቱን ከመሬት በታች ጨርሶ ነው የወጣው። ዘሩ እንደ አቧራ የደቀቀ ነው፣ አንዱ ተክል በብዙ አስር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ይጥላል፣ ዘሩ ደግሞ አፈር ውስጥ ከአስር አመት በላይ ሳይሞት ይቆያል። የቲማቲም ስር የሚያወጣውን ሽታ መሰል ነገር እስኪያገኝ ድረስ አይበቅልም፣ ዝም ብሎ ይጠብቃል። እውነቱን ለመናገር ከዚህ አረም ጋር ያለው ትግል የዚህ ወቅት ትርፍ ጉዳይ አይደለም፣ መሬቱ በሚቀጥሉት አመታት ቲማቲም ያበቅላል አያበቅልም የሚል ነው።

ዘንድሮ ማድረግ የሚችሉት አንድ ነገር ነው፣ ብቅ ያለውን አበባው ሳይደርቅ፣ ዘር ሳይቋጥር በየሳምንቱ ማስለቀም። የተነቀለውን ዳር ላይ አይጣሉት፣ ተነቅሎም ዘሩን ማብሰል ይችላል፣ ጆንያ ውስጥ ከትተው ያቃጥሉት። ለቲማቲሙ ብዙ አይጠቅምም፣ ለመሬቱ ነው። ለሚቀጥለው ደግሞ ከቲማቲም ይውጡ፣ ድንችም ትምባሆም አያድርጉበት፣ እነሱም ምግቡ ናቸው። በቆሎና ፎሶሊያ ማፈራረቅ ጥሩ ነው፣ ስራቸው ዘሩን አስነስቶ ያበቅለዋል ግን አያስጠጋውም፣ የሚጠባው አጥቶ እዛው ይሞታል። በአንድ ወቅት አያልቅም፣ ሶስት አራት ወቅት ይጠይቃል። የራስዎን ችግኝ የሚያፈሉበት ትንሽ መደብ ከሆነ ደግሞ አጠጥተው በነጭ፣ ፀሃይ በሚያሳልፍ ላስቲክ አጥብቀው ሸፍነው በሞቃቱ ወራት አንድ ወር ተኩል ቢያቆዩት ሙቀቱ ከላይ ያለውን ዘር ይገድለዋል፣ ግማሽ ሄክታር ላይ ግን ይሄን ማድረግ ብር ማቃጠል ነው።

ከሁሉም በላይ የትራክተሩን ነገር ይጠንቀቁ። ከሌላ ማሳ የመጣ ትራክተር አፈሩን ሳያራግፍ ወደርስዎ እንዳይገባ፣ የርስዎን ማሳ ያረሰውም እንዲሁ ወደ ጎረቤት እንዳይሄድ። ችግኝ ከማያውቁት ሰው ሲገዙ ስሩ ላይ የተጣበቀው አፈር ከየት እንደመጣ ይጠይቁ። ማሳዎን የሚያከራዩ ከሆነ ደግሞ ለተከራዩ ቢነግሩት ደስ ይለኛል፣ ብዙ ሰው ይሄን ይደብቃል፣ ተከራይም በሁለተኛው አመት ነው የሚነቃው።

ጥያቄ፦ ጅዳ ነው ያለሁት፣ ወንድሜ ቆቦ ቲማቲም ያመርታል። ለአረም ብር ላኪ እያለ በየወሩ ይጠይቀኛል። እዚህ ዩቲዩብ ላይ ሳይ መሬቱን በጥቁር ላስቲክ ሸፍነው አረም የሚባል ነገር የለም። አንዴ ላስቲኩን ገዝቼ ልላክለትና ልገላገል?

መልስ፦ "ልገላገል" የምትለው ቃል አሳቀችኝ እህቴ፣ ከወንድም ብር ጥያቄ በላስቲክ የተገላገለ ሰው እስካሁን አላውቅም።

ላስቲኩ ይሰራል፣ ውሸት አይደለም። ጥቁሩ ብርሃን ስለሚከለክል ከስሩ አረም አይበቅልም፣ ቆቦ ደግሞ ፀሃይዋን ታውቂያታለሽ፣ እርጥበትም ይይዝለታል። ግን ሂሳቡን ስሪ። መስመርና መስመር መሃል አንድ ሜትር ቢሆን አንድ ሄክታር ላይ 10,000 ሜትር መስመር አለ። አንዱ ጥቅል 500 ሜትር ቢሆን 20 ጥቅል ነው። የጥቅሉን ዋጋ፣ ማጓጓዣውን፣ ቀረጥ ካለም እሱን ደምረሽ በ20 አባዢና ወንድምሽ በአንድ ወቅት ለአረም ከሚያወጣው ጋር አስተያዪው። ብዙ ጊዜ የሚያዋጣው ላስቲኩ ሁለት ወቅት ካገለገለ ነው፣ ሁለት ወቅት የሚያገለግለው ደግሞ ወፍራሙ ነው፣ ቀጭኑ በለቀማ ሰአት በእግር ተረግጦ ይቀዳደዳል፣ ቁርጥራጩ አፈር ውስጥ ይቀራል፣ ከብት በላው ማለት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

ሌላው ጥያቄ የውሃው ነው። ወንድምሽ የሚያጠጣው በጠብታ ነው ወይስ በፈሮ? ቆቦ ጊራና ሸለቆ ላይ በከርሰ ምድር ውሃ የጠብታ መስመር የተዘረጋላቸው ማሳዎች አሉ፣ እሱ ከነዛ ውስጥ ከሆነ ላስቲኩ ልክ ነው፣ ቱቦው ከስር ይገባል። በፈሮ ከሆነ መደቡ ብቻ ነው የሚሸፈነው፣ ፈሮው ውስጥ አረሙ እንደልቡ ይበቅላል፣ ስለዚ ሰው ማስገባቱ አይቀርም፣ ቁጥሩ ነው የሚቀንሰው።

አንድ ነገር ጠይቂልኝ ደግሞ፣ ማሳው ላይ እንግጫ አለ ወይ? ቅጠሉ ሹል፣ ስሩ ላይ ጥቁር እንክብል ፍሬ ያለው። ካለ ላስቲክ አትላኪ። እንግጫ እንደ መርፌ ነው፣ ላስቲኩን በስቶ ይወጣል፣ ላስቲኩ ስር ደግሞ መኮትኮት አይቻልም። ከላይ ብትቆርጪው ከፍሬው ሌላ ይወጣል፣ ብትነቅዪው ፍሬው አፈር ውስጥ ይቀራል፣ ከእጅ አይሻል ዶማ የሚለው ተረት ለእንግጫ የተተረተ ነው የሚመስለኝ። እሱን የሚያዳክመው መሬቱ ባዶ በሆነበት ወቅት አጠጥቶ አስነስቶ፣ ቅጠሉ በደንብ ሲወጣ ግላይፎሴት (ራውንድአፕ የሚሉት) ረጭቶ፣ ደግሞ ሲወጣ ደግሞ መርጨት ነው፣ ያውም ችግኝ ሳይተከል፣ ምክንያቱም ግላይፎሴት ዘመድ አይለይም፣ ያገኘውን አረንጓዴ ሁሉ ይገድላል። ወይ ደግሞ በደረቁ ወራት ማሳውን እየገለባበጡ ፍሬውን ለፀሃይ ማስጣት።

እና እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን አንድ ጥቅል ብቻ ነው የምልከው። አራት አምስት መስመር ላይ ይሞክረው፣ ጎን ለጎን ያለላስቲክ ያለውንም ሰው ቆጥሮ ይያዝ፣ ለቀማውንም ለየብቻ ይመዝን። ደብተሩን ፎቶ አንስቶ በዋትሳፕ ይላክልሽ። ፎቶው ከመጣ ለሚቀጥለው ብር መላክ እንዳለብሽ ታውቂያለሽ፣ ካልመጣም ታውቂያለሽ። በየወሩ የምትልኪውንም ቢሆን ቀኑን ቀይሪው፣ ችግኝ በተከለ በሁለተኛው ሳምንት የላክሽው ብር በሁለተኛው ወር ከምትልኪው እጥፍ ይሰራል።

ጥያቄ፦ ከወረታ ነው። ከቲማቲሙ የሚነቀለውን አረም ለላሞቼ ብሰጥ ምን ይለኛል? ሳር ተወዷል፣ አረሙ ደግሞ በየቀኑ ክምር ነው።

መልስ፦ እናቴ፣ ሰርዶውንና ሳር ሳሩን ይስጧቸው፣ ደስ ይላቸዋል፣ ከአረም ወጪም ላይ ትንሽ ይመልስልዎታል። ግን ከክምሩ ላይ ሶስት ነገር ይልቀሙልኝ። አስተናግርን ያውጡ፣ መርዝ ነው፣ ፍሬውም ቅጠሉም። ፓርቲኒየምን (ቅንጬ የሚሉትም አሉ) ያውጡ፣ ላሟ ከበላችው ወተቱ ይመራል፣ ገዢ ይመልስብዎታል፣ የሚነቅሉት ሰዎችም ጓንት ያድርጉ፣ ቆዳ ያሳክካል፣ ትንፋሽም ያስቸግራል። የቲማቲሙንም ቅጠልና ግንድ አብሮ እንዳይገባ ይጠንቀቁ። ማሳው በቅርብ ቀን ማንኛውም ኬሚካል ተረጭቶበት ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አይስጡ፣ የተረጨበትን ቀን ልጆቹን በደንብ ይጠይቋቸው፣ "ቆይቷል" ሲሉዎት ስንት ቀን እንደሆነ በቁጥር ይንገሩኝ ይበሉ።

ያፈራውን አረም ለከብት ሰጥተው እበቱን ሳይብላላ መልሰው ቲማቲሙ ላይ እንዳይደፉት፣ ብዙ ዘር በከብት ሆድ አልፎ ይበቅላል። ጉድጓድ ውስጥ ከምረው እያገላበጡ ሶስት ወር ገደማ ያቆዩት፣ መሃሉን በእንጨት ወግተው ሲያወጡት እንጨቱ እጅ የሚያቃጥል ከሆነ በደንብ እየበሰለ ነው።